በሌላ ሰው ስም «አቤት» ያለው

ይህ ነገር በእኔ በኬጡራ ላይ የደረሰ ነው። በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። አላምንም የሚል ካለ እዚሁ ላይ ትቶ ወደ ሥራው ይሂድ። እኔ ማንንም አልለምንም።

ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ማንን ፈርቼ፣ ምን ፈልጌ እዋሻለሁ?

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ወሩ ግንቦት። ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ቦታው አሜሪካ፣ ኮነቲከት ውስጥ፣ የከተማችን የቤተ ክርስቲያን መስክ።

ጨለማ አልነበረም። ነፋስ አልነበረም። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር፤ ልጆች አይስክሬም ይልሱ ነበር።

ክፉ ነገር በሌሊት ብቻ ነው የሚመጣው ያላችሁ ሰው... ዋሽቷችኋል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ከተማችን በየዓመቱ የምታከብረው ወግ አላት። አገሩ ገና የእንግሊዝ ንጉሥ ቅኝ ሳለ፣ በፈረንጆቹ 1757፣ ከዚህ አርባ አንድ ሚሊሻ ፈረንሳዮችን ሊወጋ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሐይቁ ዘምቷል። የእነዚያ ሰዎች ስም በመስኩ ላይ በከበሮ ይጠራል። አንድ ስም ሲጠራ ከዘሩ አንድ ሰው ብድግ ይልና «አቤት» ይላል። ይጨበጨባል። የተጋገረ ባቄላ ይበላል። ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል።

ባቄላውን የምጋግረው እኔ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ጋገርኩ።

«አቤት» ብዬ ግን አላውቅም።

የእኛ ሰው ዝርዝሩ ላይ የለማ።

የእኛ ሰው ኳሚኖ ይባላል። ከእኔ ስድስት ትውልድ ወደ ላይ ነው። የዲያቆን ኤልያቄም ትሬድዌል ባሪያ ነበር። ትሬድዌል የሚለው የቤተሰብ ስማችንም የመጣው ከዚሁ ዲያቆን ነው፤ ሰው ከብቱ ላይ ምልክት እንደሚተኩስ ማለት ነው። ኳሚኖ ሚስት ነበረችው፣ ቫዮሌት የምትባል። አንዲት ሴት ልጅም ነበረቻቸው። እኛ ከእሷ ነን።

አያቴ የነገረችኝ እንዲህ ነው።

ዲያቆኑ ለዘመቻ ስሙ ሲወጣ ጉልበቱ ከዳው። ኳሚኖን ጠራና «በእኔ ስም ሂድ» አለው። «ኤልያቄም ተብሎ ሲጠራ አቤት በል። ስትመለስ ነፃ ነህ። ሚስትህም ልጅህም ነፃ ናቸው።»

ሻለቃው ያውቃል። ጎረቤቱ ያውቃል። ሁሉም አፉን ያዘ። የፈለጉት አርባ አንድ ሰው መሙላቱን ብቻ ነበር።

ኳሚኖ ሄደ። አልተመለሰም።

ቫዮሌት ዲያቆኑ ፊት ቆማ ነፃነቷን ስትጠይቅ ምን አላት መሰላችሁ?

«ስትመለስ ነው ያልኩት። ተመለሰ እንዴ?»

እስክትሞት የዚያን ሰው ወለል ፈገፈገች።

ለዚህ ነው በቤታችን አንድ ሕግ ያለው። ከውጭ ሰው ሲጠራን ሦስት ጊዜ ሳይጠራ አንመልስም። የተጠራው የራሳችን ስም ካልሆነ ደግሞ ቢቆራርጡንም አንመልስም። «በሌላ ሰው ስም አቤት ያለ፣ የሌላ ሰው ሞት ይሞታል» ትል ነበር አያቴ።

እኔ የዚህ ቤት የመጨረሻ ነኝ። አልወለድኩም። ወንድሜ ሌሙኤል ባለፈው ክረምት አረፈ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ኳሚኖ ግን መቃብርም ስምም የለው። ዘንድሮ ካልተጠራ፣ የሚያውቀው ሰው ከእኔ ጋር አፈር ይገባል።

ስለዚህ ሆራስ ዘንድ ሄድኩ።

ሆራስ ትሬድዌል የዲያቆኑ ዘር ነው። የታሪክ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ስሞቹን የሚጠራው እሱ፤ ለዲያቆኑ «አቤት» የሚለውም እሱ። ራሱ ጠርቶ ራሱ ይመልሳል።

«አክስቴ፣ እንዴት ነሽ?» አለኝ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ። የእኛን አሮጊት ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠሩት፤ ስም እንደሌለን።

«አክስትህ አይደለሁም። ከሆንኩም ማፈር ያለበት የአንተ አያት ነው።»

ሳቀ። በጥርሱ ብቻ።

የመጣሁበትን ነገርኩት።

«ወረቀት ላይ የሌለ ስም አልጠራም» አለ። «ወረቀት አምጪ።»

«ወረቀቱን የጻፉት ያንተ ሰዎች ናቸዋ።»

«እኔ ምን ላድርግሽ ታዲያ? ዲያቆኑ ራሱ ዘምቷል። ሐይቁ ውስጥ ሰጠመ ተብሎ ተጽፎ፣ ዋኝቶ ወጥቶ፣ በእግሩ አገሩ የገባ ጀግና ነው። ነሐስ ላይ አስቀርጸነዋል፤ አላየሽም?»

አይቻለሁ። «ከሞት የተነሣው ዲያቆን» ይላል ነሐሱ። ሁለት መቶ ስልሳ ምናምን ዓመት ሙሉ አንድም ሰው፣ የሰጠመውስ ሌላ ሰው ቢሆን ብሎ አልጠየቀም። ከሞት መነሣቱን ማመን ቀለላቸው።

«እሺ፣ ወረቀት አመጣለሁ» አልኩት።

«ባቄላውንም አትርሺ» አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ መዝገብ ቤት ሄድኩ።

መዝገብ ቤቱ ከማዘጋጃ ቤቱ ሥር፣ ምድር ቤት ነው። እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት ሁለት ክረምት ብቻ ነው። የታተመ አነባለሁ፤ የድሮ የእጅ ጽሑፍ ግን ዶሮ የጫረው አፈር ነው የሚመስለኝ። የምታነብልኝ መዝገብ ቤቷን የምትጠብቀው ፕሩደንስ ናት። ጨዋ ሴት ናት። እስክሪብቶ አታስነካም፣ ውኃ አታስገባም።

የጎብኚዎች መዝገብ ላይ ስሜን ጻፍኩና ገባሁ።

ፕሩደንስ አንድ ቡናማ ወረቀት በሁለት እጇ አምጥታ አስቀመጠች። ዘማቾቹ ብርድ ልብስ ሲታደላቸው የፈረሙበት ነው።

«ይኸው፣ እማማ ኬጡራ። ኤልያቄም ትሬድዌል...» አለችና ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ምን አለ?»

«ፊርማ የለም። ምልክት ነው።»

ዲያቆኑ እንደሆነ ጸሐፊ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ ሠላሳ ዓመት የጻፈው እሱ ነው። ፊደሉ ሐረግ የመሰለ ነው፤ እኔ እንኳ አውቀዋለሁ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ሦስት ጭረት። እንደ ቁራ እግር።

ያ ምልክት በቤቴ ምድጃ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ድንጋዩ ከቫዮሌት ጎጆ የመጣ ነው። አያቴ እሳት ከማንደዷ በፊት ሁልጊዜ በጣቷ ትነካው ነበር።

«ፎቶ ኮፒ አድርጊልኝ» አልኳት።

አደረገችልኝ። ስወጣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠራችኝ።

«እማማ... አብሮዎት የመጣው ሰውዬ ሁለተኛ ሲመጣ ደርቆ ቢመጣ።»

«ማን ሰውዬ?»

«በሩ ላይ የቆመው። ብርድ ልብስ የለበሰው። ወለሉን አበሰበሰው እኮ።»

በሩን አየሁ። ማንም የለም።

ወለሉ ላይ ግን ውኃ አቁሯል።

«እኔ ብቻዬን ነው የመጣሁት» አልኳት።

ፕሩደንስ ተከትሎኝ የገባ ለማኝ መሰላት። እኔም እንደዚያው ለማሰብ ሞከርኩ... ከዚያ ቀን በፊት አንድም ቀን ሳይዘንብ ሦስት ሳምንት እንደሆነ እስኪታወሰኝ ድረስ።

ሐሙስ ደግሞ ሄድኩ።

ስሜን ልጽፍ የጎብኚዎችን መዝገብ ገለጥኩ። የማክሰኞው ስሜ አለ። ከጎኑ...

ሦስት ጭረት።

በጣቴ ነካሁት። ቀለሙ አልደረቀም። ጣቴ ጠቆረ።

ለፕሩደንስ አልነገርኳትም። ቁጭ አልኩ። የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ አመጣች። እያነበበች ሄዳ ሄዳ፣ ድምጿ ወደ ሹክሹክታ ወረደ።

«እማማ፣ ይህን ስሙ። ነሐሴ 1757። ሚሊሻዎቹ ሐይቁ ዳር ናቸው አይደል? ዲያቆኑ እዚሁ ነው። በዚያው ሳምንት ልጁን ክርስትና አስነሥቷል። በገዛ እጁ ፈርሟል።»

«አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይቆምም» አልኳት።

«አይቆምም።»

«ቀጥይ።»

«የሚሊሻው መዝገብ ደግሞ... ኤልያቄም ትሬድዌል፣ መስከረም ሦስት፣ ሐይቁን ሲሻገር ሰጠመ።»



ያኔ ነው የሸተተኝ። እርጥብ ሱፍ። ዝናብ የመታው በግ ጠረን።

ፕሩደንስ ከእኔ ትከሻ በላይ ወደ በሩ ታያለች። ፊቷ ወረቀት መሰለ።

«ዛሬም አለ» አለች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«ስሙን ጠይቂው።»

«ማክሰኞ ጠይቄዋለሁ። አልነገርኩዎትም እንጂ።»

«ምን አለሽ?»

«ኤልያቄም አለኝ። ግን... አፉ እሺ አላለውም። ተገርፎ የተማረውን ቃል እንደሚደግም ሰው ነው የሚለው።»

ዞርኩ። በሩ ባዶ ነበር። ውኃው ነበር።

ፍርሃት መጣብኝ አልላችሁም። የመጣብኝ ንዴት ነው።

ገብቶኛላ። እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ በከበሮ ሲጠሩት የኖሩት እሱን ነው። በዚያ ስም የዘመተ፣ በዚያ ስም የሰጠመ እሱ ብቻ ነው። ኤልያቄም ሲሉ ከሐይቁ ይነሣል። ትእዛዝ ነውና ይመጣል። እነሱ ባቄላ በልተው ይበተናሉ፤ እሱ ወደ ውኃው ይመለሳል። ሁለት መቶ ስልሳ ምናምን ዓመት ሙሉ።

እና ባቄላውን የምጋግረው እኔ።

የወረቀቶቹን ሁሉ ፎቶ ኮፒ ይዤ በቀጥታ ሆራስ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ሰጠሁት። አነበበ። ደግሞ አነበበ። አንገቱ ቀላ። ከዚያ አጣጠፈና በበዓሉ የሚለብሰው የዘመቻ ካፖርት ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ከበዓሉ በኋላ ኮሚቴው ያየዋል» አለ።

«ከዘንድሮው በዓል በኋላ ነው ወይስ ከሚመጣው?»

«አትቸኩይ፣ አክስቴ።»

«ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው።»

«እሱማ... አንቺ ባትደርሺ እንኳ እኛ አለን።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያቺን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ቤቴ ስገባ የማእድ ቤቱ ወንበር ከጠረጴዛው ተስቧል። መቀመጫው እርጥብ ነው። የምድጃው ድንጋይ ላይ፣ ምልክቱ ላይ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ውኃ አለ።

አልጠረግሁትም። «ቅዳሜ ና» አልኩት፣ ወደ ባዶው ወንበር። «ካልጠራሁህ ግን እንዳትመልስ።»

ቅዳሜ ደረሰ።

ባዶ እጄን ሄድኩ። ምርኩዜን ብቻ ይዤ።

«ባቄላውስ?» አለችኝ አንዷ።

«ቀቅሉ። እጅ አላችሁ።»

የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ፕሩደንስ መጥታ ከአጠገቤ ተቀመጠች።

ሆራስ የሱፍ ካፖርቱን ለብሶ መድረክ ላይ ወጣ። ከበሮው ተመታ።

«ጆሳያ ፔክ።»

«አቤት።»

«አሞስ ደንባር።»

«አቤት።»

ጭብጨባ። አይስክሬም። ፀሐይ።

የእርጥብ ሱፍ ጠረን መጣ።

ከመስኩ ጫፍ የድንጋይ ካብ አለ። ከካቡ ወዲያ የእኛ ሰዎች ያለ ድንጋይ፣ ያለ ስም የተቀበሩበት መሬት ነው። ቫዮሌትም እዚያ ናት። ቦታዋን የምናውቀው በአፍ ነው።

ከካቡ ወዲህ አንድ ሰው ቆሟል።

ብርድ ልብሱ ከትከሻው ይንጠባጠባል። እግሩ ባዶ ነው። የቆመበት ሣር ጠቁሯል። ሃያ ምናምን ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ልወልደው የምችል ጎረምሳ... ግን አያቴ ነው። አፍንጫው የሌሙኤል አፍንጫ ነው።

«ኤልያቄም ትሬድዌል» አለ ሆራስ።

ጎረምሳው አፉን ከፈተ።

ብድግ አልኩ።

«አያቴ፣ እንዳትመልስ» አልኩ። «ያንተ ስም አይደለም።»



«ኳሚኖ» አልኩ።

ዞረ። ወደ እኔ አየ።

«አክስቴ፣ ተቀመጪ» አለ ሆራስ በማጉያው። ሰዎች ሳቅ አፈኑ።

«ኳሚኖ።»

አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣ። ፕሩደንስ ክንዴን ጨበጠችኝ። እጇ በረዶ ነው።

ሆራስ ካቡን አላየም። ያየው እኔን ነው፤ አንዲት ያበደች አሮጊት። ሕዝቡን ሊያስቅ ፈለገ። ባርኔጣውን አስተካከለ፣ ተረከዙን አጋጨ፣ ደረቱን ነፋ... ሦስተኛውን ጠበቀ።

ማስጠንቀቅ እችል ነበር።

«ኳሚኖ» አልኩ።

«አቤት» አለ ሆራስ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

ሆራስ ግን አልሳቀም። አፉን ሊዘጋ ፈልጎ እምቢ ያለው ይመስላል። ከከንፈሩ ጥግ ትንሽ ውኃ ወረደች። ቸኩሎ የጠጣ ሕፃን አገጭ ላይ እንደምትወርደው ያህል።

ከበሮው አንድ ጊዜ ተመታ።

ከበሮ መቺው እጁን አየ። ዱላዎቹ ቀበቶው ውስጥ ነበሩ።

ሆራስ ዝርዝሩን አስቀመጠ። ከመድረኩ ወረደ። ወደ ሰሜን ዞረ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ... በሰልፍ እርምጃ መንገዱን ያዘ። ሰው የበዓሉ ክፍል መሰለውና አጨበጨበ።

«ሆራስ፣ ምሳ ሳይቀርብ?» አለ አንዱ። ደግሞ ሳቁ።

እኔ የማየው መንገዱን ነበር። በደረቁ አቧራ ላይ እርጥብ የባዶ እግር ዱካ አለ፤ ከሰሜን ወደ እኛ የመጣ። የሆራስ ቦት ጫማ ከዱካው ጎን ለጎን፣ ወደ ሰሜን ይሄዳል። በረገጠ ቁጥር እርጥብ ዱካ ይተዋል።

ወደ ካቡ ዞርኩ። ጎረምሳው የለም። ብርድ ልብሱ ካቡ ላይ ተዘርግቷል። በፀሐዩ ይተናል።

ከካቡ ወዲያ የሴት ድምፅ ሰማሁ። የእኔ አይደለም። የፕሩደንስም አይደለም።

«ኳሚኖ።»

«አቤት።»

«ተመለስክ?»

ፕሩደንስም ሰምታለች። ጠይቋት።

ሆራስ ከዚያ ወዲህ አልታየም። ፖሊስ ፈለገ፣ ውሻ ፈለገ። ካፖርቱ በአራተኛው ቀን ሐይቁ ዳር ተገኘ፤ ተጣጥፎ፣ ደረቅ ሆኖ። የእኔ ወረቀቶች ኪሱ ውስጥ ነበሩ። ፎቶ ኮፒው ላይ የቁራው እግር ጠፍቷል። ከኤልያቄም ስም ጎን ያለው ቦታ ባዶ ነው።

ፕሩደንስ ዋናውን ወረቀት አውጥታ አየችው። እሱም ባዶ ነው።

አሁን ማኅበሩ መጥቶ እባክሽ ይለኛል። ለኳሚኖ ነሐስ ሊያስቀርጹ ነው። ስሙንም በሚመጣው ግንቦት ይጠሩታል። የዲያቆኑን ስም ግን የሚጠራ ሰው አጥተዋል። ማንም አፉን አላስነካም አለ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ቅዳሜ አልፏል።

በየቅዳሜው፣ ልክ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ደጄ ላይ የሆነ ነገር ይንጠባጠባል። ከዚያ ይጠራኛል። ድምፁን አውቀዋለሁ።

«አክስቴ።»

ዝም እላለሁ።

«አክስቴ...»

ዝም።

«አክስቴ...»

ሦስት ጊዜ ጠራ። ሕጉ ሦስት ነው። ግን ስሜ ኬጡራ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ባቄላዬን ሲበላ አንድ ቀን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ስሜን ካላወቀ እኔ ምን ላድርግለት?

የእሱን ስም እኔ አውቀዋለሁ። ሦስት ጊዜ ብጠራው ሳይመለስ አይቀርም ትለኛለች ፕሩደንስ። ታለቅሳለች። ጨካኝ ነሽ በሉኝ፤ ቫዮሌት ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቅ ማን ጠራላት?

በመጀመሪያው ቅዳሜ የቦት ጫማው እርጥብ ዱካ ከደረጃው ሥር ነበር። በሁለተኛው ደረጃው ላይ። በሦስተኛው በሩ ሥር፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ዞሮ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ከውጭ ማንም አልጠራኝም።

ማእድ ቤቱ ውስጥ ግን ወንበሩ ተስቧል... ከሥሩ ባለው የቦት ጫማ ዱካ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል።